የጋሽ ቢሻው መካሪ

ኮርቻ ሠሪው ጋሽ ቢሻው ስፔን ተጠርተዋል የተባለ ሰሞን፣ መካነ ሰላም ውስጥ ያልመከራቸው ሰው አልነበረም። አንዱ ብርዱ አጥንት ይሰብራልና ሁለት ካፖርት ደርበው ይሂዱ አላቸው። ምንይችል የሚባለው የእህል ነጋዴ ደግሞ ፈረንጅ ዓይን ዓይኑን ያላየውን ሰው ይንቃል፣ ትክ ብለው ይዩት አለ። ጡረታ የወጡት መምህር አምላኩ ቤታቸው ድረስ መጥተው የስፔንን ነገሥታት ታሪክ አንድ ሰዓት ሙሉ ተረኩላቸው። ጋሽ ቢሻው ሁሉንም "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እያሉ ሰሙ። መካሪው ሁሉ ሲሄድ ግን እጃቸው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ከመካሪዎቹ አንዱም አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ አያውቅማ።

ጋሽ ቢሻው ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ በቅሎ ያለው ሰው ኮርቻ ሲያምረው የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። እንጨቱን ራሳቸው ይጠርባሉ፣ ቆዳውን ራሳቸው ያለፋሉ፣ ስፌት ላይ ሲቀመጡ አይቸኩሉም። በሳቸው ኮርቻ የሄደ ሰው ወገቡን አያመውም፤ ከዚያም በላይ በቅሎዋ አትገጠብም። አሳምነው የተባለው የእንስሳት ሐኪም የገጣባ ቁስል ማጠብ ሲሰለቸው "ምናለ የጋሽ ቢሻውን ኮርቻ ብትገዙ!" እያለ ባለበቅሎዎቹን ይቆጣ ነበር። አንድ ቀን ሲሠሩ በስልኩ ቀረጻቸውና አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው ላከው። ጓደኛው ለአንድ የእደ ጥበብ ማህበር አሳየው። ማህበሩም ስፔን ውስጥ በየዓመቱ የኮርቻ ሠሪዎችን በዓል ለምታከብር አንዲት ትንሽ ከተማ ላከው። ከተማዋ ከአምስት አገር አምስት ባለሙያ ስትጠራ፣ አንዱ ጋሽ ቢሻው ሆኑ።

መጀመሪያ ላይ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረውም። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ጉዳይ ማህበሩ ያዘው፤ እሳቸው አሻራ ለመስጠት ብቻ አዲስ አበባ ደርሰው መጡ። ሰብሌ የምትባል የማህበሩ ሠራተኛ ደግሞ አብራቸው ሄዳ ልታስተረጉም ተወስኗል። ጉዞው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰብሌ ደወለች።

"ጋሼ፣ የርስዎ ቪዛ ወጥቷል፤ ፓስፖርትዎን ከወረቀቱ ጋር በመኪና ልኬልዎታለሁ። የኔ ግን ሳይወጣ ቀረ። ብቻዎን መሄድ ይችላሉ? እዚያ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥቶ የሚቀበልዎት ሰው አለ።"

"ብቻዬን?" አሉ ጋሽ ቢሻው።

በማግስቱ የጀመሩት ሥራ ላይ ክር አለቀባቸውና ወደ ሀያት ሱቅ ወረዱ። ሀያት መናኸሪያው አጠገብ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍና ማሰሪያ የምትሸጥ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቤይሩት ሄዳ፣ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ በአንዲት ሻንጣ ተመልሳለች። ከተማው ከአረብ አገር የመጣን ሰው የሚለካው በሠራው ቤት ነው። ሀያት ቤት አልሠራችም፤ ስለዚህ ስሟ በተነሳ ቁጥር ሰው ከንፈሩን ይመጥላታል። ጋሽ ቢሻውም ከመጣጮቹ አንዱ ነበሩ። ክሯ የማይበጠስ፣ ሚዛኗ የማያታልል መሆኑን ያውቃሉ፤ በልባቸው ግን "ምስኪን፣ ዕድሜዋን እዚያ ጨርሳ መጣች" ይሉ ነበር።

"አፊያ ነዎት ጋሼ? ጉዞው መቼ ሆነ?" አለቻቸው።

"ቀርቷል ልጄ። አስተርጓሚዋ ቪዛ ተከለከለች። እኔ ደግሞ ደሴ ስሄድ እንኳ አቀስታ ላይ መኪናው የቆመ እንደሆነ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ሻይ ሳልጠጣ የምቀመጥ ሰው ነኝ።"

ሀያት የምትጠቀልለውን ክር አስቀመጠች።

"የርስዎ ቪዛ ወጥቷል?"

"ወጥቷል።"

"ቲኬቱስ?"

"ተቆርጧል።"

"የሚቀበልዎ ሰው?"

"አለ ይላሉ።"

"ታዲያ የቀረው ምኑ ነው?"

ጋሽ ቢሻው ባርኔጣቸውን አንስተው ራሳቸውን አከኩ። ሀያት ሳቀች።

"ወላሂ ጋሼ፣ ምንም አልቀረም። አብሽሩ። ነገ ከሰዓት በኋላ ፓስፖርትዎንና የላኩልዎትን ወረቀት ሁሉ ይዘው ይምጡ።"

"ስፔን ሄደሽ ታውቂያለሽ እንዴ?"

"ስፔንን አላውቃትም። አውሮፕላን ማረፊያን ግን አውቀዋለሁ።"

በማግስቱ ሄዱ። ሀያት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። የጥሪውን ደብዳቤ፣ የሆቴሉን አድራሻ፣ የመመለሻ ቲኬቱንና የኢንሹራንሱን ወረቀት ለየችና፣ ጥግ ጥጋቸው ላይ በእስኪርቢቶ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ብላ ጻፈችባቸው። የሁሉንም ግልባጭ አስነስታ ሻንጣው ውስጥ ለየብቻ እንዲቀመጥ አደረገች። ከዚያ ፓስፖርቱን አነሳች።

"ይሄን ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት። ከሸሚዝዎ ሥር አንገትዎ ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ ይስፉለት። ሌላ ሰው ገዝቶ ነው፤ እርስዎ ግን ሙያዎ ነው። መስኮት ውስጥ የተቀመጠ የመንግሥት ሰው ሲጠይቅዎ ይሰጡታል፣ ዓይንዎን ከእጁ ላይ አይነቅሉም፣ ማህተሙን መትቶ ይመልስልዎታል። ከዚያ ውጭ 'እኔ ልያዝልዎት' ያለ ሰው፣ የፈለገ ጥሩ ሰው ቢሆን፣ አይስጡት።"

ይህን ስትናገር ድምጿ ጠንከር ብሎ ነበር። ጋሽ ቢሻው አስተዋሉ፤ ግን አልጠየቁም።

ቀጥላ ቲኬቱን ዘረጋችላቸው።

"እዚህ ላይ ማክሰኞ 00:20 ይላል። ቦሌ መቼ ነው የሚሄዱት?"

"ማክሰኞ ነዋ።"

"አዩ! ማክሰኞ ቢሄዱ አውሮፕላኑ ስፔን ደርሶ ሰውን አራግፏል። የነሱ ቀን የሚለወጠው እኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በምንለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰኞ ገና ጀንበር ስትጠልቅ ቦሌ መገኘት አለብዎት። በዚህ የተነሳ ስንት ሰው በረራ አምልጦት ሲያለቅስ አይቻለሁ።"

ጋሽ ቢሻው ቲኬቱን አንስተው ቁጥሩን እንደገና አዩት። ማክሰኞ ነበር የሚሄዱት፤ አንድም ሰው ይህን አልነገራቸውም። ሀያት የእጅ ሰዓታቸውን አስወልቃ ስድስት ሰዓት አዞረችው።

"ከዛሬ ጀምሮ በነሱ ሰዓት ነው የሚኖሩት። እስኪለምድዎት።"

በዚያ ሳምንት ሰዓት የጠየቃቸው ሰው ሁሉ ጉድ ሰማ። ጋሽ ቢሻው ጥቂት ያስቡና "አሥራ አምስት ሰዓት ከሩብ" ይላሉ፤ ጠያቂው "ኧረ ጋሼ፣ ደህና ነዎት?" ይላቸዋል። ባለቤታቸው እመት የኔአለም እንኳ "ስፔን ሳይደርሱ ከእጄ ወጡ" እያሉ ለጎረቤት ቀለዱባቸው።

እመት የኔአለም ለመንገዱ ስንቅ አዘጋጅተው ነበር፤ አንድ ጣሳ ቅቤ፣ አንድ ከረጢት ቋንጣ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ጠርሙስ ጠበል። ሀያት ቤታቸው ድረስ መጥታ ሻንጣውን ስታይ ቅቤውንና ቋንጣውን መልሳ አወጣች።

"እትዬ፣ ሥጋና የወተት ነገር አያስገቡም። ቢያገኙባቸው ይጥሉባቸዋል፣ ደግሞም ይቀጧቸዋል። ቆሎውና በሶው ይሂድ። እንዲያውም ቆሎው ከእጃቸው አይለይ፤ የዚያ አገር ሰው ምሳውን የሚበላው እኛ መክሰስ በምንልበት ሰዓት ነው አሉ።"

"ጠበሉስ?" አሉ እመት የኔአለም በስጋት።

"በትንሽ ብልቃጥ ይሁን። ትልቁን ጠርሙስ በእጅ ይዞ ማለፍ አይቻልም። ወስፌውና ቢላዋው ደግሞ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ኪሳቸው ውስጥ ቢገኝ ፍተሻው ላይ ይቀማሉ፤ ያለ ወስፌ ደግሞ እዚያ ሄደው ምን ሊሠሩ ነው?"

ጋሽ ቢሻው የአባታቸውን ወስፌ ከኪሳቸው አውጥተው ሻንጣው ውስጥ ከተቱት። ሃምሳ ዓመት ከኪሳቸው አልተለየም ነበር።

ከሁሉም የከበዳቸው የድንበሩ ልምምድ ነው። ሀያት ከባንኮኒዋ ጀርባ ቆማ ፊቷን ኮስተር አደረገች።

"እኔ ፖሊሱ ነኝ። ይምጡ።"

ጋሽ ቢሻው ቀርበው ፓስፖርታቸውን ዘረጉ።

"ለምን መጡ?"

"እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከላላ ላይ ሲኖሩ..."

"ጋሼ!"

"ወዬ?"

"ፖሊሱ አባትዎን አልጠየቀም። ከኋላዎ ሁለት መቶ ሰው ተሰልፏል። ለምን መጡ ሲልዎ ፩ን ይሰጡታል። የት ያርፋሉ ሲል ፪ን። መቼ ይመለሳሉ ሲል ፫ን። ቃሉ ባይገባዎት እንኳ ተራ በተራ ያሳዩት፤ ሌላ የሚጠይቀው የለውም።"

"ሰላምታስ?"

"ሰላምታ ይስጡ። አንድ ጊዜ።"

"ቤተሰቡን አልጠይቀው?"

"አይጠይቁት።"

"ኧረ ነውር ነው ልጄ!"

"እዚያ ነውር አይደለም።"

ስድስት ጊዜ ደጋገሙት። በስድስተኛው ጋሽ ቢሻው አንዲት ቃል ሳይጨምሩ አለፉ፤ ሀያትም የውሸት ማህተሟን ባንኮኒው ላይ ዷ አድርጋ መታች። ክር ሊገዛ የቆመ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

በመጨረሻው ቀን በስልኳ የስፔን ቃላት አሰማቻቸው። ሰላምታቸው "ኦላ" ነው፤ ምስጋናቸው "ግራሲያስ"።

"አንድ የግድ የሚያዝ ቃል ደግሞ አለ። እዚያ አሳማ በሁሉ ነገር ውስጥ ይገባል፤ ሾርባው ውስጥም ዳቦው ውስጥም። ስሙን ይስሙት።" ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጋች።

"ሰርዶ?" አሉ ጋሽ ቢሻው ዓይናቸው ፈጦ። "ሰርዶ እኮ ሣር ነው! በቅሎ የምትወደው!"

"እነሱ ጋ አሳማ ነው። 'ሲን ሰርዶ' ይበሉ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። ይሄን ለርስዎም ለኔም እኩል የሚያስፈልግ ቃል ብዬ ነው የፈለግሁት።"

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲለያዩ ግን ሀያት ሳቋን ተወችና አንድ ነገር ጨመረች።

"ጋሼ፣ የሚቀበልዎ ሰው ቢጠፋ ከቦታው አይሂዱ። አማርኛ የሚናገር ሰው መጥቶ 'ልውሰድዎት' ቢልም አይሂዱ። ፖሊስ ይጠይቁ። ፖሊሱ ቸኩሎ ካለፈ መወልወያ የያዘች ሴት ይፈልጉ። የትኛው በር የት እንደሚያወጣ የምታውቀው እሷ ናት። ደግሞም ራሷ ከሩቅ የመጣች ስለሆነች፣ ግራ የገባው ሰው ስታይ ይገባታል። የተቀባይዎን ስልክ ቁጥር በትልቁ ጽፌልዎታለሁ፤ እሱን ያሳዩዋት።"

መንገዱ ደህና ነው በተባለ ቀን ጋሽ ቢሻው በአቀስታ አድርገው ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ገቡ። ሰብሌ ሰኞ ጀንበር ሳትጠልቅ ቦሌ አደረሰቻቸው። ለበዓሉ የሠሩት ኮርቻ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በጠፍር ተጠፍሮ ለብቻው ተጫነ። የጭነት ቁጥሩ ያለባትን ትንሽ ወረቀት ሲሰጧቸው፣ ሀያት እንዳዘዘቻቸው፣ አንገታቸው ላይ ባለው ቦርሳ ከተቷት።

ማክሰኞ ጠዋት ማድሪድ አረፉ። ሰው ሁሉ ሲሮጥ አልሮጡም፤ የሻንጣ ሥዕል ያለበትን ሰሌዳ እየተከተሉ ሄዱ። ድንበሩ መስኮት ላይ የተቀመጠው ወጣት አንድ ነገር ጠየቃቸው። ፩ን ዘረጉ። ወጣቱ ደብዳቤውን አነበበ፣ ፈገግ አለ፣ በእጁ እንደ ጋላቢ ልጓም የመያዝ ምልክት አሳያቸው። ጋሽ ቢሻው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፪ንና ፫ን ሳይጠይቅ ማህተሙን መታው። ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ሊጠይቁት አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥ አደረጉትና "ግራሲያስ" ብለው አለፉ።

ሻንጣቸው ቶሎ መጣ። ኮርቻው ግን አልመጣም። የሚዞረው ቀበቶ የሰውን ሁሉ ዕቃ አወረደ፣ ሰዉ ሳሳ፣ በመጨረሻም ቀበቶው ባዶውን ዞሮ ዞሮ ቆመ። ኮርቻው ደግሞ የጋሽ ቢሻው የሁለት ወር ሥራ ነው። ትንሿን ወረቀት አውጥተው መስኮት ውስጥ ለተቀመጠች ሴት ዘረጉ። እሷ ሌላ ቦታ ደወለች፣ አስጠበቀቻቸው፣ እንደገና ደወለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ተነስታ በአዳራሹ ዳር ወዳለ ሌላ በር ወሰደቻቸው። ለካ ቅርጹ ያልተለመደ ዕቃ በቀበቶው አይመጣም። ኮርቻው ከአንድ ብስክሌትና ከአንድ የሕፃን ጋሪ ጎን መሬት ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ቢሻው ጎንበስ ብለው ጆንያውን ሳሙት።

ኮርቻውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲወጡ፣ የሰው ስም የጻፉ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ቢሻው የሚል ግን የለም። ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ሄዱ። የለም። ሁለት ፖሊሶች እየተነጋገሩ አለፉ፤ "ኦላ" ቢሏቸውም አልሰሙም። አንድ ወንበር ላይ ኮርቻውን አስቀምጠው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

የዚያን ጊዜ ነው ስለ ሀያት ያሰቡት።

እሳቸው የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። አንገታቸው ላይ ፓስፖርት፣ ኪሳቸው ውስጥ በቁጥር የተደረደረ ወረቀት፣ የስልክ ቁጥር፣ ቆሎ አለ። ሳምንት ሙሉ የተዘጋጀላቸው ነገር ነው። ይህ ሁሉ ተይዞ እንኳ ፈርተዋል። እሷ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስትሄድ ማን አዘጋጃት? ቲኬቱን ማን አነበበላት? ማን ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ አለማመዳት? የነገረቻቸው ነገር ሁሉ አንድ ቀን እሷ ራሷ ላይ የደረሰ መሆን አለበት፤ አለዚያ ከየት ታውቀዋለች? በየሳምንቱ ክር ሲገዙ አንድም ቀን "እዚያ እንዴት ነበር?" ብለው ጠይቀዋት አያውቁም። ከንፈር መምጠጥ ይቀላል። ጋሽ ቢሻው በሰው አገር፣ በሺህ ሰው መሐል፣ በራሳቸው አፈሩ።

ቀና ሲሉ አንዲት ሴት ወለሉን እየወለወለች ትመጣለች። ጠይም፣ ወፈር ያለች፣ አርባውን ያለፈች ናት። ተነሱና ባርኔጣቸውን አውልቀው የስልኩን ቁጥር ዘረጉላት። ሴትዮዋ ቁጥሩን አየች፣ ኮርቻውን አየች፣ እሳቸውን አየች። መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ የራሷን ስልክ አወጣችና ደወለች። በፈጣን አንደበት ተናገረች፣ ሳቀች፣ ከዚያ በእጇ "እዚሁ ይቀመጡ" ብላ አጠገባቸው ቆመች። ወለሉ እስኪደርቅ ሳይሆን ሰውየው እስኪመጣ ነው የቆመችው።

ማኑኤል የሚባል ረጅም ሰው "ቢሻው" ብሎ የጻፈበትን ካርቶን ይዞ እያለከለከ ደረሰ። ሰዓቱ ሲያልፍ የጠፉ መስሎት በሌላው በር ሊፈልጋቸው ሄዶ ነበር። ጋሽ ቢሻው ለሴትዮዋ ምን እንደሚሰጡ ቸገራቸው። ከረጢታቸውን ፈተው ዳቦ ቆሎ በሁለት እጃቸው ዘገኑላት። አንዷን ቀመሰችና ዓይኗን ጨፍና ሳቀች፤ የቀረውን በመሐረብ ቋጠረችው።

ማኑኤል በመኪና ያደረሳቸው የበዓሉ ከተማ ኮረብታ ላይ የተሠራች የድንጋይ ከተማ ናት። እዚያም ሀያት ያልነገረቻቸው ሌላ ነገር ገጠማቸው። የሆቴሉ ክፍል መስኮቱ በመዝጊያ ተዘግቶ ጨለማ ነው፤ ማብሪያውን ቢጫኑ ቢጫኑ አይበራም። የበሩን ካርድ ግድግዳው ላይ ያለች ስንጥቅ ውስጥ ካልሰኩት መብራት እንደሌለ ማኑኤል አሳያቸው። ጋሽ ቢሻው "ይሄን ለሀያት እነግራታለሁ" ብለው በልባቸው ያዙት።

ሦስት ቀን አደባባይ ላይ ተቀምጠው ሠሩ። አጠገባቸው አንሴልሞ የሚባሉ የሰማንያ ዓመት የአገሩ ኮርቻ ሠሪ ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ የጋሽ ቢሻው ኮርቻ ከላይ የሚለብሰውን መርገፍና የቆዳውን ጌጥ እያየ ሲያደንቅ፣ አንሴልሞ አንስተው ገለበጡትና ሆዱን አዩ፤ የበቅሎዋ ጀርባ የሚያርፍበትን። በጣታቸው ስፌቱን ተከተሉ፣ ጫን አድርገው ልስላሴውን ለኩ፣ ከዚያ የጋሽ ቢሻውን እጅ ይዘው አገላብጠው አዩት። ጋሽ ቢሻውም የሳቸውን አንስተው ገለበጡ። ውስጡ ገለባ ነው፤ እንዲህ ተስተካክሎ የታጨቀ ገለባ አይተው አያውቁም። ሽማግሌው እንዴት እንደሚያጭቁት አሳዩአቸው፣ እሳቸውም የጅማት አሰፋፋቸውን አሳዩ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ሥራቸውን ሲያነሱ የከተማው ሰው ዙሪያቸውን ከቦ ቆሞ ነበር፤ ልጅ አዋቂው ጸጥ ብሎ፣ አንድም ሰው ሳይገፋፋ። ለእጅ ሥራ እንዲህ የሚቆም ሕዝብ ማየታቸው ጋሽ ቢሻውን ልባቸውን ነካው።

በስምንተኛው ቀን ተነስተው በደህና ተመለሱ። መካነ ሰላም በገቡ ማግስት፣ ሰው ገና ቤታቸው ሳይሰበሰብ፣ ወደ ሀያት ሱቅ ወረዱ። ስለ ካርዱ ነገሯት፣ ስለ ኮርቻው በር ነገሯት፣ ስለ ሰርዶው ሳቁ። ከዚያ ክንዳቸውን ባንኮኒው ላይ አሳርፈው ጠየቋት።

"ልጄ፣ አንቺ ስትሄጂ ማን መከረሽ?"

ሀያት መቀሷን አስቀመጠች። "ማንም" አለች።

"እስቲ ንገሪኝ።"

መጀመሪያ አመነታች። ከዚያ ተናገረች። ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ አርባ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ፓስፖርታቸው ተሰብስቦ እንደተወሰደ፣ ስማቸው እየተጠራ አሠሪያቸው ሲወስዳቸው ለእሷ ግን ሁለት ቀን ማንም እንዳልመጣላት። ቋንቋ አታውቅም፤ ሽንት ቤት የት እንደሆነ እንኳ መጠየቅ አልቻለችም። ክፍሉን የምታጸዳ አንዲት ሴት ዳቦ አምጥታላት ሦስት ቃል አስተማረቻት፤ ውኃ፣ ሽንት ቤት፣ ስልክ።

"ፓስፖርቴን ሰባት ዓመት አላየሁትም ጋሼ። አሠሪዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። አገሩ ሲከፋ፣ ደመወዝም ሲቀር፣ ቁልፏን አስቀምጣ የወጣች ቀን አንስቼው ወጣሁ። ውጭ ስወጣ እንደኔ የወጡ ልጆች አገኘሁ። ማንበብ የማይችሉ ነበሩ። ቅጽ ሞላሁላቸው፣ ወረፋ ያዝሁላቸው። የአውሮፕላን መቀመጫ እስኪገኝ አሥራ ዘጠኝ ቀን የቆንስላችን በር ላይ ቆምን። መጀመሪያ ለኔ ሰጥተውኝ ነበር፤ ትቻቸው መምጣት አልቻልኩም። በመጨረሻ ሠላሳ አንድ ሆነን መጣን።"

ከተማው በአንዲት ሻንጣ መጣች እያለ ያወራባት ልጅ፣ ሠላሳ የሰው ልጅ ይዛ ገብታ ነበር።

"ለምን አልነገርሽንም?"

"የጠየቀኝ አልነበረም" አለች ሀያት፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ።

በዚያ ሳምንት ሰዉ የስፔንን ወሬ ሊሰማ ቤታቸው ሞላ። መምህር አምላኩም መጡ፣ ምንይችልም መጣ። ጋሽ ቢሻው ግን ወሬውን ከአደባባዩና ከአንሴልሞ አልጀመሩም። ከሀያት ሱቅ ጀመሩ። የሠላሳ አንዱን ልጆች ታሪክ ሲናገሩ፣ መምህር አምላኩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ "እኛ እኮ ጎረቤቷ ነን" አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ።

ጋሽ ቢሻው ለሰብሌም ደወሉላት። "ሌላ ጊዜ ሰው ስትልኩ፣ መጀመሪያ እሷ ጋ ላኩት" አሏት። ሰብሌ ነገሩን ለማህበሩ አለቆች ነገረች። በኅዳር መጨረሻ ላይ ማህበሩ ወደ ውጭ የሚሄዱ ስድስት ሸማኔዎችንና ሸክላ ሠሪዎችን ለሦስት ቀን እንድታዘጋጅለት ሀያትን አዲስ አበባ ጠራት፤ የመንገድና የድካሟን ችሎ።

የምትሄድ ቀን ጠዋት ጋሽ ቢሻው መናኸሪያው ድረስ ሸኟት። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ የሱቋን ቁልፍ ለእህቷ ሰጥታለች። ሚኒባሱ ሞልቶ ረዳቱ "እንሂድ!" እያለ ነው። ጋሽ ቢሻው እንደ አባት አንድ ምክር ሊጨምሩላት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ መንገዱን ከሳቸው በላይ እንደምታውቀው ትዝ አላቸው።

"በይ እንግዲህ፣ በሰላም ግቢ" ብቻ አሉ።

"አሚን ጋሼ። አፊያ ያቆይዎት።"

ሚኒባሱ አቧራውን አስነስቶ በአቀስታ መንገድ ተጠመዘዘ። ከላላ የመጡ ሁለት ሰዎች በቅሏቸውን ይዘው ኮርቻ ሊያስለኩ ቤታቸው ደጃፍ እየጠበቁ እንደሆነ ተነግሯቸው ነበርና፣ ጋሽ ቢሻው ጃኬታቸውን አስተካክለው በፈጣን እርምጃ ወደ ቤታቸው አቀኑ።